ኳስ ይጠራል፤ ደብተር ያስገባል

አንባቢዬ ሆይ፥ የዛሬው ጨዋታችን ከሰሃላ ይዤው ስለ ተመለስሁት አንድ ጥያቄ ነው። ሰሃላን አይተህ የማታውቅ ብትሆን፥ ከሰቆጣ ደጋ ወደ ተከዜ ሲወርዱ የሚገኝ፥ ፀሐዩ የበረታ፥ ዝናቡ የሚናፈቅ፥ ፍየልና ንብ የሚረባበት የዋግ ኽምራ ቆላ ነው። በሥራ ጉዳይ ወደዚያ ሄጄ ሳለ አንድ ቀን ወደ ማታ በትምህርት ቤቱ ግቢ በኩል አለፍሁ። ከግቢው ጥግ አንድ የባሕር ዛፍ ምሰሶ ቆሟል፤ ከምሰሶው ጫፍ ላይ የበርሜል ቀለበት በሚስማር ተመትቷል። ሰሌዳ የለው፥ መረብ የለው፥ እንዲያው ቀለበት ብቻ ነው። ልጆቹ አንዲት ቆዳዋ የተላጠ ኳስ ይዘው ይጫወታሉ። ኳሷ አቧራ ላይ እንደ ልብ አትነጥርምና ማንጠሩን ትተውት በፍጥነት መቀባበል ለምደዋል። ቆሜ አየኋቸው፤ እውነቱን ለመናገር ቅብብላቸው ያስደንቅ ነበር።

ከልጆቹ አንዱ፥ ጓደኞቹ እስከ ትከሻው ብቻ የሚደርሱለት ረጅም የ10ኛ ክፍል ተማሪ፥ ላቡን በእጅጌው እየጠረገ ወደ እኔ መጣ።

«ጋሼ፥ አንድ ነገር ልጠይቅዎ?»

«ጠይቅ።»

«ቅርጫት ኳስ የሚችል ልጅ አሜሪካ ኮሌጅ በነጻ ያስተምሩታል ይባላል። እውነት ነው ወይስ ወሬ ነው?»

«እውነት ነው» አልሁት።

ፊቱ በራ። «እንግዲያውስ አባቴ በሬውን ይሽጥ» አለኝ።

ነገሩ ወዲህ ነው። አንድ ሰው ከከተማ ደውሎ ልጁን ከአሜሪካ ኮሌጅ ጋር አገናኘዋለሁ፥ ለመመዝገቢያ ግን 60 ሺህ ብር ያስፈልጋል ብሎታል። አባቱ ሁለት በሬ አለው። አንዱን ቢሸጥ የቀረው ብቻውን አያርስም፤ ጥማዱ ፈረሰ ማለት ነው። በ2023 ዝናብ ቀርቶ ድርቅ በገባበት አገር ጥማድ ማፍረስ ምን እንደ ሆነ ለገበሬ ልጅ አይነገረውም። ልጁም ይህን ያውቃል፤ ነገር ግን ተስፋ ከዕውቀት ይቀድማል። «እስከሚቀጥለው ገበያ ድረስ አባትህ ይታገሱ፤ እኔም ጠይቄ የማውቀውን እጽፍልሃለሁ» ብዬው ተለያየን። እንግዲህ ይህን ገጽ ለእርሱ ብዬ ብጽፈውም፥ እንደ እርሱ ያለ ጥያቄ በልቡ ይዞ የሚዞር ወጣት ብዙ መሆኑን አውቃለሁና ሁላችሁም አብራችሁ ስሙ። ዘመኑን የምጠራው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው፤ የሌላ አገር ታሪክ ስለሚበዛበት ይቀለናል።

በመጀመሪያ ኮሌጅ ተጫዋችን ለምን ቀልቦ ያስተምራል? በሌላው ዓለም ኳስ ተጫዋችን የሚያሳድገው ክለብ ነው። በአሜሪካ ግን ነገሩ ከሥር መሠረቱ ከትምህርት ቤት ጋር የተያያዘ ነው። ቅርጫት ኳስ ራሱ የተወለደው በትምህርት ቤት ነው። በ1891 ታኅሣሥ ወር ማሳቹሴትስ ውስጥ ስፕሪንግፊልድ በምትባል ከተማ፥ ጄምስ ኔይስሚዝ የተባለ የካናዳ ተወላጅ መምህር፥ በክረምት ብርድ ከቤት ውስጥ ተዘግተው የሰለቹ ተማሪዎቹን የሚያጫውትበት ቢያጣ የኮክ መልቀሚያ ቅርጫት ከሰገነት ላይ ሰቀለና 13 ደንብ ጻፈ። በአማርኛ «ቅርጫት ኳስ» ስንል ያንኑ ቅርጫት እየጠራን ነው። ያ ትምህርት ቤት የወጣቶች ክርስቲያን ማኅበር፥ በአገራችን ወወክማ የምንለው ማኅበር ትምህርት ቤት ነበረ።

ዛሬ በአሜሪካ የኮሌጆች ስፖርት ማኅበር፥ ኤን.ሲ.ኤ.ኤ. በሚባለው፥ በአንደኛው ክፍል ብቻ ከ350 የሚበልጡ ኮሌጆች የቅርጫት ኳስ ቡድን አላቸው። በየዓመቱ በመጋቢት 68 ቡድኖች የሚገጥሙበት ውድድር አገሩን ሁሉ ከቴሌቪዥን ፊት ያስቀምጠዋል፤ ከዚያም የሚገኘው ገንዘብ እጅግ ብዙ ነው። ስለዚህ ኮሌጁ ለጥሩ ተጫዋች የትምህርት ክፍያውን፥ መኝታውን፥ ምግቡንና መጽሐፉን ችሎ ቢያስተምረው ምጽዋት አይደለም። አንተ ትጫወትለታለህ፥ እርሱ ያስተምርሃል። ከ2025 ጀምሮ በወጣው ሥርዓት በትልልቆቹ ኮሌጆች አንድ ቡድን እስከ 15 ተጫዋች ይይዛል፤ የሴቶቹም ቁጥር ያው ነው። እህቴ ሆይ፥ ይህን ሁሉ ለወንድምሽ ብቻ የምናገር እንዳይመስልሽ፤ ደንቡ ለሁለታችሁም አንድ ነው። ሁለተኛው ክፍል ወጪውን በከፊል ይሸፍናል፤ ሦስተኛው ክፍል ለኳስ ብሎ ምንም አይከፍልም። ከነዚህ ውጭ የሁለት ዓመት ኮሌጆች አሉ፤ የእነርሱን ጥቅም ወደ ታች እናየዋለን።

አሁን ደግሞ መንገዱን የሄዱበትን ሰዎች እንይ።

ሐኪም ኦላጁዋን የሌጎስ ልጅ ነው። እስከ 15 ዓመቱ ገደማ የሚያውቀው እግር ኳስና የእጅ ኳስ ነበር። በ1980 ቴክሳስ ወደሚገኘው ሂዩስተን ዩኒቨርሲቲ ሲሄድ ጄኔራል ተጎትቶ የመጣ አልነበረም፤ የደረሰ ዕለት ከአውሮፕላን ማረፊያው የተቀበለው ሰው ስላልነበረ በታክሲ ነው ወደ ኮሌጁ የገባው። የመጀመሪያውን ዓመት ሳይጫወት ተቀመጠ። ከዚያ በኋላ ግን ቡድኑ ሦስት ዓመት በተከታታይ ከመጨረሻዎቹ አራት ጋር ደረሰ፤ በ1984ም ከአገሩ ወጣቶች ሁሉ በፊት አንደኛ ሆኖ ተመረጠ።

ዲኬምቤ ሙቶምቦ ከኪንሻሳ ነው። በ1987 ዋሽንግተን ወደሚገኘው ጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲ የሄደው በአሜሪካ መንግሥት የትምህርት ዕርዳታ፥ ሐኪም ለመሆን አስቦ ነው። ቁመቱን ያየው አሠልጣኝ ወደ ኳሱ ጠራው። በዚያ ጊዜ ብዙ ቋንቋ ያውቅ ነበር፤ እንግሊዝኛ ግን ከነዚያ አንዱ አልነበረም። ስለዚህ የመጀመሪያ ዓመቱን በቋንቋ ትምህርት አሳለፈ። በ1991 በቋንቋ ጥናትና በዲፕሎማሲ ተመረቀ። በኳስ ካገኘው ገንዘብ በ2007 በኪንሻሳ በእናቱ ስም ሆስፒታል አሠራ፤ በ2024 አረፈ። ኽምጣናና አማርኛ አፋቸውን የፈቱበት የዋግ ልጆች ይህን ልብ በሉ፤ ሁለት ቋንቋ ያለው ሰው ሦስተኛውን ለመጨመር ሰነፍ ሊሆን አይገባውም።

የካሜሩኑ ጆኤል ኤምቢድ ደግሞ ኳሱን የጀመረው በ15 ዓመቱ ነው። በ2011 ለአፍሪካ ልጆች በተዘጋጀ የልምምድ ሰፈር ታየ፤ ያንኑ ዓመት ፍሎሪዳ ከሚገኝ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ገባ፤ ከዚያም በካንሳስ ዩኒቨርሲቲ አንድ ዓመት ተጫውቶ በ2014 ሦስተኛ ሆኖ ተመረጠ። በ2023 የታላቁ ማኅበር የዓመቱ ኮከብ ተባለ።

አንባቢዬ ምናልባት «እነዚህ ሁሉ የሩቅ አገር ሰዎች ናቸው፤ የእኛ ሰው የለበትምን?» ትል ይሆናል። እውነቱን ልንገርህ፤ ኢትዮጵያ በሩጫ እንጂ በዚህ ጨዋታ የታወቀች አገር አይደለችም፤ ከዋግ ተነሥቶ በዚህ መንገድ ያለፈ ሰው እነግርህ ዘንድ የለኝም። ከእኛ ጋር ደም የሚያገናኘው ግን አንድ አለ፤ ስሙ ኑኒ ኦሞት ይባላል። ወላጆቹ ከኢትዮጵያ በጦርነት ምክንያት የተሰደዱ ናቸው። እርሱ በ1994 በኬንያ በስደተኞች መካከል ተወለደ፤ በሕፃንነቱ ወደ አሜሪካ ተወስዶ ሚኒሶታ ውስጥ በአንዲት ትንሽ ከተማ አደገ።

የኑኒን ታሪክ የመረጥሁት ቀጥ ያለ መንገድ ስላልሄደ ነው። ሁለተኛ ደረጃ ሲጨርስ ታላላቆቹ ኮሌጆች አልጠሩትም። ሴንት ፖል ከሚገኝ ከሁለተኛው ክፍል ትንሽ ኮሌጅ ገባ። ከዚያም አዮዋ ወደሚገኝ የሁለት ዓመት ኮሌጅ ተዛወረ። ከዚያ በኋላ ነው በ2016 ቴክሳስ የሚገኘው ቤይለር ዩኒቨርሲቲ የተቀበለው። በ2018 ከኮሌጅ ሲወጣ ስሙን የጠራ የታላቁ ማኅበር ቡድን አልነበረም። ይሁን እንጂ ከአገር አገር እየተዘዋወረ መጫወቱን ቀጠለ፤ በ2023 ከግብጹ አል አህሊ ጋር የአፍሪካን ዋንጫ አንሥቶ የውድድሩ ኮከብ ተባለ። በ2024 በፓሪስ ኦሊምፒክ ለደቡብ ሱዳን ተሰልፎ በአሜሪካ ቡድን ላይ 24 ነጥብ አስቆጠረ። ቡድኑ ቢሸነፍም እርሱ ያን ቀን በዓለም ፊት የቆመው በሦስት ኮሌጅ በር ካለፈ በኋላ ነው። በያንዳንዱ በር የጠየቁት ኳሱን ብቻ አልነበረም፤ ያለፈው ትምህርት ቤት የሰጠውን የውጤት ወረቀት ጭምር ነው። ውጤቱ ባያልፍ ኖሮ ከአንዱ ወደ ሌላው መዛወሩ በቆመ ነበር።

እንግዲህ ወደ ዋናው ነገር ደረስን።

የኮሌጆቹ ማኅበር አንድ ልጅ በአንደኛው ክፍል እንዲጫወት ከመፍቀዱ በፊት የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን ይመረምራል። የውጭ አገር ልጅ ቢሆንም ምርመራው አይቀርለትም። 16 ዋና ዋና ትምህርቶችን ማለፍ አለበት፤ አንድ ትምህርት የሚባለው አንድ ዓመት ሙሉ የተማሩት ነው። ከነዚህም 4ቱ እንግሊዝኛ፥ 3ቱ ሒሳብ፥ 2ቱ ሳይንስ፥ 2ቱ የኅብረተሰብ ትምህርት ሲሆኑ፥ የቀሩት ከነዚሁና ከመሰሎቻቸው የሚሟሉ ናቸው። አማካይ ውጤቱ ከ4 ቢያንስ 2.3 መሆን አለበት። 10ሩን ትምህርት ደግሞ የመጨረሻው ዓመት ሳይጀምር ማጠናቀቅ ይገባዋል። ቀድሞ ይጠየቅ የነበረው የመግቢያ ፈተና ከ2023 ወዲህ በማኅበሩ ደንብ ቀርቷል፤ ኮሌጁ ራሱ ቢጠይቅ ግን ሌላ ነገር ነው። የእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተናም፥ እንደ ቶፍል ያለው፥ ብዙ ጊዜ ይጠየቃል።

ይህ ሁሉ የሚጠናቀቀው በአራት ዓመት ውስጥ ነው። አራቱ ዓመት መቆጠር የሚጀምረው መቼ ይመስልሃል? አሜሪካዊው አሠልጣኝ ባየህ ጊዜ አይደለም፤ ቪዛ በጠየቅህ ጊዜም አይደለም። 9ኛ ክፍል በገባህበት ቀን ነው። የሰሃላው ልጅ ገና መንገዱን ልጀምር ነው ሲል እኩሌታውን ሊጨርሰው ምንም አልቀረውም። በ9ኛ ክፍል የቀለደበት እንግሊዝኛ በአሜሪካ መዝገብ ላይ ተጽፎ ይጠብቀዋል።

እዚህ ላይ የእኛ አገር ተማሪ ከሌላው የሚለይበት ነገር አለ። ከ2020 ጀምሮ በሰሜኑ ጦርነት፥ ከ2023 ወዲህ ደግሞ በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፤ ፈርሰዋል፤ ተዘርፈዋል። ዋግም ከዚህ አላመለጠም። አንድ ልጅ ሳያጠፋ አንድ ሁለት ዓመት ሊቀርበት ይችላል። እንዲህ ያለው ምክንያት ለማኅበሩ ቢቀርብ ሊታይ ይችላል፤ ነገር ግን የሚታየው በማስረጃ እንጂ በወሬ አይደለም። ትምህርት ቤቱ ከመቼ እስከ መቼ እንደ ተዘጋ የሚገልጽ፥ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ያስፈልጋል። የልጁ የክፍል ካርድ ያስፈልጋል። የትውልድ ቀኑ ያስፈልጋል፤ ያውም በየወረቀቱ አንድ ዓይነት የሆነ። ዕድሜውን በአንዱ ወረቀት ቀንሶ በሌላው ጨምሮ የጻፈ ልጅ ኳሱ ምንም ቢያምር ከበሩ ይመለሳል።

አንተ በትምህርት ቤት መዝገብ ቤት ወይም በወረዳ ጽሕፈት ቤት የምትሠራ ወንድሜ፥ አሁን የምናገረው ለአንተ ነው። አንድ ልጅ መጥቶ ትራንስክሪፕት ሲጠይቅህ «ነገ ና» ትለዋለህ፤ በማግሥቱ ማኅተሙ የተቆለፈበት ሰው የለም፤ በሦስተኛው ቀን ስብሰባ ነው። ልጁ የሁለት ቀን መንገድ በእግሩ መጥቶ ይሆናል። አሜሪካ ያለው አሠልጣኝ ግን ቡድኑን የሚሞላበት ቀን አለው፤ ወረቀቱ በዚያ ቀን ካልደረሰው ሌላ ልጅ ይወስዳል። ሌላውም ልጅ ከሴኔጋል ወይም ከናይጄሪያ ወረቀቱን አሟልቶ የቆመ ነው። አንተ ቅርጫት ኳስ ነክተህ አታውቅ ይሆናል፤ ነገር ግን የልጁ ዕድል ከፊሉ ያለው በጠረጴዛህ መሳቢያ ውስጥ ነው። መዝገቡንም በሁለት ቅጂ አስቀምጥ፤ መዝገብ ሲቃጠል የልጅ አራት ዓመት አብሮ እንደሚቃጠል ባለፉት ዓመታት በዓይናችን አይተናል።

አሁን ደግሞ ስለዚያ 60 ሺህ ብር ልናገር። እውነተኛውን ጥሪ ከሐሰተኛው የሚለዩት ሦስት ነገሮች ናቸው። አንደኛ፥ ነጻ የትምህርት ዕድል የሚሰጥ ኮሌጅ ተጫዋቹን ገንዘብ አምጣ አይልም። እርሱ ሊከፍልልህ ነው የሚፈልግህ፤ ከፋይ ተቀባይ ሆኖ ከመጣ ነገሩ ተገልብጧል። ሁለተኛ፥ የሚከፈለው ነገር ቢኖር የሚከፈልበት ቦታ የታወቀ ነው። የማኅበሩ የምርመራ መመዝገቢያ ለማኅበሩ ይከፈላል፤ የተማሪ መመዝገቢያው 350 ዶላርና የቪዛ ማመልከቻው 185 ዶላር ለአሜሪካ መንግሥት ይከፈላሉ፤ ደረሰኝ አላቸው። በአንድ ግለሰብ የባንክ ቁጥር የሚገባ «መመዝገቢያ» የለም። ሦስተኛ፥ ኮሌጁ የተቀበለው ልጅ አይ-20 የሚባል ወረቀት ከራሱ ከኮሌጁ ይላክለታል። ያለ እርሱ ማንም ሰው በአዲስ አበባ ኤምባሲ የተማሪ ቪዛ ሊያስገኝልህ አይችልም። ደላላው «እኔ የውስጥ ሰው አለኝ» ቢልህ፥ የውስጥ ሰውየውን ስምና የኮሌጁን ስልክ ጠይቀው፤ ብዙውን ጊዜ ወሬው እዚያው ላይ ያልቃል።

ቪዛ እጅህ ከገባም በኋላ ነገሩ በወረቀት ላይ የቆመ መሆኑን አትርሳ። ካማን ማሉዋች የተባለ የደቡብ ሱዳን ልጅ በኡጋንዳ አድጎ፥ በሴኔጋል ሠልጥኖ፥ በ2024 ዱክ ወደሚባለው ስመ ጥር ዩኒቨርሲቲ ገባ። በ2025 ሚያዝያ መባቻ፥ ቡድኑ ከመጨረሻዎቹ አራት ጋር በሚጫወትበት በዚያው ቀን፥ የአሜሪካ መንግሥት የደቡብ ሱዳን ፓስፖርት የያዙትን ሰዎች ቪዛ ሁሉ መሠረዙን ተናገረ። 2 ሜትር ከ18 ሳንቲም የሚረዝም ልጅ በአንዲት ወረቀት ጉዳይ ሲጨነቅ ማየት ያሳዝናል። ኋላ በዚያው ዓመት አሥረኛ ሆኖ ተመረጠ፤ ነገር ግን ያን ሰሞን ቁመቱ አልረዳውም። እንዲሁም ከ2021 ወዲህ የኮሌጅ ተጫዋቾች በስማቸው ገንዘብ እንዲያገኙ ተፈቅዷል ሲባል ሰምተህ ከሆነ፥ የተማሪ ቪዛ ያለው የውጭ አገር ልጅ ሥራ እንደ ልቡ መሥራት እንደማይፈቀድለት ዕወቅ። አማካሪ ሳትጠይቅ አትፈርም፤ ከማንም ገንዘብ አትቀበል።

ስለ ቁመት ካነሣን አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ቅር ይለኛል። ይህ ጨዋታ ረጅም ሰው ይወዳል፤ ቁመት ደግሞ ከዘር ብቻ አይገኝም። ሕፃን በእናቱ ማሕፀን ከተፀነሰበት ጀምሮ እስከ ሁለት ዓመቱ ድረስ በሚበላው ይወሰናል። በ2016 በተደረገው የሕዝብና ጤና ጥናት በአማራ ክልል ከአምስት ዓመት በታች ካሉት ሕፃናት ከመቶው 46 የሚሆኑት የቀነጨሩ ነበሩ። መንግሥት በ2015 ዓመተ ፈረንጅ መቀንጨርን እስከ 2030 ለማጥፋት የገባው ውል ስሙ የሰቆጣ ቃል ኪዳን ነው፤ የዚያች የሰቆጣ፥ የዋግ ዋና ከተማ። መቀንጨር የሚያሳጥረው አጥንትን ብቻ አይደለም፤ አእምሮንም ይጎዳል፤ ስለዚህ የኳሱንም የደብተሩንም በር አስቀድሞ ይዘጋል። ታናሽ ወንድም ወይም እህት በቤትህ ካለች፥ ከዶሮዋ እንቁላል ጥቂቱ ወደ ገበያ ከመሄድ ይልቅ ወደ ሕፃኗ አፍ እንዲገባ ብትመክር፥ ለወደፊቱ ተጫዋች ከማንም አሠልጣኝ በፊት ሠራህለት ማለት ነው።

«ይህ ሁሉ ይሁን፤ ታዲያ ከሰሃላ ሆኜ ምን ላድርግ?» ላለኝ እንዲህ እላለሁ። አሠልጣኝ ወደ ሰሃላ አይመጣም፤ ስለዚህ አንተ በሥዕል ወደ እርሱ ሂድ። ጓደኛህ በስልክ ሙሉ ጨዋታ ይቅረጽህ፤ ያገባኸውን ብቻ ሳይሆን የሳትኸውንም፥ ስትከላከልም፥ ለጓደኛህ ስታቀብልም ጭምር ይታይ፤ አሠልጣኝ የሚፈልገው የልጁን ጠባይ ነውና። ቁመትህን በባዶ እግርህ ተለካ፤ የተጫማ ቁመት አትጻፍ። ስምህን፥ የትውልድ ቀንህን፥ ክፍልህንና አማካይ ውጤትህን በአጭር እንግሊዝኛ ጽፈህ ለረዳት አሠልጣኞች በኢሜይል ላክ። አድራሻቸው በየኮሌጃቸው ገጽ ላይ በግልጽ ተጽፎ ይገኛል፤ ለዚህ ደላላ አያሻም። ለታላላቆቹ ብቻ አትላክ፤ ለሁለት ዓመት ኮሌጆችም ላክ፤ ኑኒ ኦሞት ወደ ቤይለር የደረሰው በዚያ በኩል ነው። ሃምሳ ልከህ ሁለት ቢመልሱልህ ተስፋ አትቁረጥ። የእንግሊዝኛ መምህርህም ደብዳቤውን ሳይልኩት እንዲያዩልህ ለምናቸው።

ከሁሉም በላይ ደግሞ ይህን ልብ በል። በአሜሪካ ኮሌጅ ከሚጫወቱት ወንዶች መካከል ወደ ታላቁ ማኅበር የሚገቡት ከመቶ አንድ ገደማ ናቸው። የቀሩት ዘጠና ዘጠኙ ምን ይሆናሉ? የተማሩት መምህር፥ መሐንዲስ፥ የባንክ ሠራተኛ ይሆናሉ፤ ያልተማሩት ጉልበታቸው ሲመታ የሚያወሩት ትዝታ ብቻ ይቀራቸዋል። በአገራችንም በሩ ጠባብ ነው፤ የ12ኛ ክፍልን ፈተና በ2022 ካለፉት ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ፤ በ2025 ደግሞ 8.4 ደረሱ። አንባቢዬ፥ እንግዲህ ነገሩን አስበው። ለአሜሪካ ኮሌጅ የሚያዘጋጅህ ደብተር ለአገርህም ፈተና የሚያዘጋጅህ ያው ደብተር ነው። ኳሱ ባይሳካ ደብተሩ አይባክንም፤ ደብተሩ ባይኖር ግን ኳሱ ብቻውን ከሰሃላ ሜዳ አያልፍም።

ይህን ጽፌ ሳልጨርስ ከልጁ መምህር ስልክ ደወልሁ። በሬው አልተሸጠም። አባትየው ደላላውን በስልክ «የኮሌጁን ስም ንገረኝና ልጄ ራሱ ይጠይቃቸው» ቢሉት ስልኩ ተዘጋ፤ ከዚያም ወዲህ አልተነሣም። ልጁ የ9ኛ ክፍል ካርዱን ሁለት ቅጂ አስደርጎ አንዱን ሰቆጣ ካለች አክስቱ ዘንድ አስቀምጧል። መምህሩ ስልኩን ሰጠውና አነጋገርሁት። ውጤቱን አስልቶት ኖሯል፤ ሒሳቡ ደኅና ነው፤ እንግሊዝኛው ግን ዝቅ ብሏል። ከዚህ በኋላ ከመምህሩ ጋር በሳምንት ሦስት ቀን ማጥናት ጀምሯል።

«ኳሱንስ ተውኸው?» አልሁት።

«አልተውሁትም ጋሼ» አለኝ፤ «ከ11 ሰዓት በኋላ ነው።»